ሰንበቴ ደብል እንዳትመታ

ነገሪ ቱፋ ከሮቤ ወጣ ብሎ ባለው የመንግሥት እርሻ የትራክተር ሾፌር ነበር። ሰው አክባሪ ነው፣ ሥራ ወዳድ ነው፣ ያለውን አይሰስትም። አንድ ነገር ብቻ አይችልም፤ ሚስቱ ስትበልጠው ማየት።

የማታ ትምህርት ቀድሞ የጀመረው እሱ ነው። ያኔ ሚስቱ ሰንበቴ ገና በመሠረተ ትምህርት ፊደል ትቆጥር ነበር። እሱ ሰባተኛ ክፍል ወድቆ ሲደግም ግን ደረሰችበትና እዚያው ክፍል አጠገቡ ቁጭ አለች። ቀድሞ የወጣ ጆሮን ኋላ የበቀለ ቀንድ በለጠው ማለት ይኸው ነው።

የጣለው እንግሊዝኛ ነው፤ በተለይ ብዙ ቁጥር የሚሉት ጣጣ። መጀመሪያ «ኤስ ጨምርበት፣ በቃ» ይሉሃል። አምነህ ስትጨምር «ማን ሲበዛ ሜን ነው እንጂ ማንስ አይባልም፤ ሺፕ ደግሞ አንድም በግ ይሁን መቶ ያው ሺፕ ነው» ብለው ይስቁብሃል። ሕግ አውጥቶ ራሱ የሚያፈርስ ቋንቋ! ነገሪ «ማንስ» ባለ ቁጥር መምህር ደምመላሽ ወደ ሰንበቴ ይዞራል።

«እስቲ ወይዘሮ ሰንበቴ ያርሙልን።»

ታርማለች። ይህ ከጎጃም የመጣ ልጅ እግር ሚስቴን እንዲህ የሚያያት ምን ፈልጎ ነው ይላል ነገሪ በሆዱ። መምህሩ የፈለገው ጎበዝ ተማሪ ነበር፤ ለቀናተኛ ግን ይህን ማን ያስረዳዋል?

አንድ ቀን መምህሩ ክፍሉ ፊት ቆመና፣ «ወይዘሮ ሰንበቴ ደብል ሊመቱ ነው» አለ። «ነገ ዳይሬክተሩ በቃል ይጠይቋቸዋል። አንድም ካልሳቱ ከእረፍት መልስ ስምንተኛ ይገባሉ።»

ተማሪው አጨበጨበ፤ ነገሪም አጨበጨበ። በዓይነ ኅሊናው ግን የሚታየው ሌላ ነበር። እሱ ብቻውን እዚያው አሮጌ አግዳሚ ላይ ቀርቶ፣ የእርሻው ልጆች በኦሮምኛ አጠራር «ያ ነገሪ፣ ሚስትህ ጥላህ አለፈች አሉ!» ሲሉት።

ቤት ገብተው ሰንበቴ ስንዴ እየለቀመች «እስቲ ጠይቀኝ» አለችው።

«ኦክስ ሲበዛ?»

«ኦክሰን።»

«ተሳስተሻል። ኦክሰስ ነው።»

«መምህሩ ኦክሰን አላለም እንዴ?»

«በሬ ከእኔና ከእሱ ማን ያውቃል? ኦክሰስ ነው ብያለሁ!»

ሰንበቴ እጇን ስንዴው ላይ አሳርፋ ትንሽ አየችው። ከዚያ «እሺ» አለችና ልቅሚያዋን ቀጠለች።

በማግስቱ ዳይሬክተሩ ሰሌዳው አጠገብ አቆሟት። ጥርስን ጠየቋት፤ «ቱዝ፣ ቲዝ» አለች። ልጅን ጠየቋት፤ «ቻይልድ፣ ቺልድረን» አለች። ከዚያ «ኦክስ ሲበዛ?» አሏት። ዞር ብላ ነገሪን አየችው።

«ኦክሰስ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ከሁሉ በላይ የሳቀው ነገሪ ነበር፤ ጠረጴዛውን እየደበደበ፣ እንባው እስኪመጣ። መምህር ደምመላሽ አንገቱን ደፋ። ዳይሬክተሩም «ግድ የለም፣ ዓመቱን እንደ ሌላው ይጨርሱ» ብለው ወጡ።

ወደ ቤት ሲሄዱ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ነገሪ ግን ሞቆታል። ወሬው አላልቅ አለ።

«አይዞሽ፤ ሰው ሆኖ የማይስት የለም።»

«አልሳትኩም» አለች ሰንበቴ። «ኦክሰን ነው። አንተም ታውቀዋለህ።»

እግሩ ቀጥ አለ። «ታዲያ ለምን...?»

«ስትስቅ ካየሁህ ስንት ጊዜዬ፣ ያ ነገሪ! ዛሬ ሳቅህ።»

ይህን ብላ ነጠላዋን አጣፍታ መንገዷን ቀጠለች። ነገሪ እዚያው ተገትሮ ቀረ። በትምህርት ስትበልጠው መምህሩን ይረግም ነበር፤ ቋንቋውን ይረግም ነበር። አሁን በደግነትም በለጠችው። በዚህስ ማንን ይርገም? ከኋላዋ እያያት፣ እንደዚያች ቀን ቀንቶባት አያውቅም።