የታረሰው ምንሽር

ስለ ጠመንጃ አስተያየት መስጠት የማይገባቸው ሰዎች ይቆጠሩ ቢባል ከራሴ እጀምራለሁ። ዕድሜዬን በመጻሕፍት መካከል ያሳለፍሁ፣ አንድም ጥይት ተኩሼ የማላውቅ ሰው ነኝ። ሆኖም ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ፣ የአባታችንን ምንሽር ከመሸጥ አድናለሁ ብዬ በብረት ሥራ ላይ ሊቅ ሆንሁ።

ጠመንጃው ሞላሌ አጠገብ ገብስ እያረሱ በግ በሚያረቡት በታላቅ ወንድሜ ቤት ይቀመጥ ነበር። ትከሻቸውን ያማቸው ጀመርና ለሠርግም ለለቅሶም መሸከም አቃታቸው። «ከራቤል ገበያ የጠመንጃ ነጋዴ ለፋሲካ ሰሞን ይመጣል፤ እሸጥለታለሁ» አሉኝ። አባታችን ትተውልን ከሄዱት ሁሉ የቀረው እርሱ ብቻ ነበርና ነገሩ እንቅልፍ ነሣኝ።

በዚያው ሰሞን አንድ የባዕድ አገር መጽሐፍ አገኘሁ። የጠመንጃ አፈሙዝ ከውጭ በኩል በቁመቱ ቦይ ቦይ ቢወጣለት ክብደቱ ይቀንሳል፣ ሲግልም ቶሎ ይበርዳል ይላል። መጽሐፉን ታቅፌ ሞላሌ ወረድሁ።

«ሲግል?» አሉ ወንድሜ ጋቢያቸውን እየደረቡ። «በዚህ በመንዝ ብርድ የሚግል ነገር ካገኘህ ለእኔም አምጣልኝ፣ የኔታ።» የኔታ የሚሉኝ ሊያፌዙብኝ ሲፈልጉ ነው።

«እሺ፣ መብረዱ ይቅር። መቅለሉስ፣ ጋሼ?»

«የቀለለ ሰው አይተህ አታውቅም? ጠመንጃም እንደዚያው ነው።»

ክብርና ክብደት ጎረቤት ቃላት መሆናቸውን ሳስተምር የኖርሁት እኔ ነበርሁ፤ በዚያች ሰዓት ግን ትዝ አላለኝም። ስነዘንዛቸው ሰንብቼ በመጨረሻ ፈቀዱልኝ። አፈሙዙን አስፈትቼ፣ በሱፍ ባና ጠቅልዬ፣ በአውቶቡስ ደብረ ብርሃን ቶርኖ ቤት አደረስሁት። ባለሙያው በመጽሐፉ ሥዕል መሠረት ቦዩን አወጣና የተፋቀውን ብረት በወረቀት ቋጥሮ ሰጠኝ። እፍኝ አይሞላም። ከጠመንጃው የቀነስሁትን ክብደት ሁሉ ኪሴ ውስጥ ጨመርሁት፤ ኪሴ አላወቀውም።

ጠመንጃው ተገጣጥሞ ሲመለስ ጎረቤቶች ሊያዩት መጡ።

«ታረሰ ሲባል ሰምተን ነው። ምን ልትዘሩበት ነው?» አለ አንዱ።

«ምስር ይሻለዋል» አለ ሌላው። «ትልሙ ለገብስ ይጠባል።»

ወንድሜ ትከሻቸው ላይ አድርገው ሞከሩት፤ ፊታቸውን አጨፍግገው መልሰው አወረዱት። ጠመንጃው መሸጡ እንደማይቀር ያን ጊዜ ገባኝ።

የራቤሉ ነጋዴ መጣ። ጠመንጃውን አገላብጦ በአውራ ጣቱ አንዱን ቦይ ከላይ እስከ ታች ዳበሰ።

«ምን ነክቶት ነው?»

«ተምሮ ነው» አሉ ወንድሜ ወደ እኔ እየተመለከቱ።

«የተማረስ ይቅርብኝ» አለና በቅሎውን ፈታ።

እንግዲህ አፈሙዝን ቦይ ማስወጣት ይጠቅማል ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ቢኖር፣ አዎን፣ ገዢ ያባርራል እላለሁ። ያ ሁሉ ገጽ ያለው መጽሐፍ ይህን ዘንግቶታል። ወንድሜ ነጋዴው ከዓይን እስኪሰወር ቆመው አዩና ጠመንጃውን እጄ ላይ አኖሩት።

«የሚገዛው የለ፣ እኔም ትከሻ የለኝ። ለልጄ ሠርግ አንተው ትይዘዋለህ።»

ለዳግማይ ትንሣኤ ምንሽሩን አንግቼ ከሚዜዎቹ ኋላ ተከተልሁ። ቁልቁለቱን በቀኝ ትከሻዬ፣ ዳገቱን በግራዬ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ እንደ ሕፃን አቅፌ ተጓዝሁ። ሙሽራዪቱን ይዘን ስንመለስ ወንድሜ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ይጠብቁን ነበር።

«ቀለለህ?» አሉኝ።

«በጣም፣ ጋሼ» ለማለት በመጀመሪያ ትንፋሼን መሰብሰብ ነበረብኝ።