በማለዳ ቤቴ የመጣው መርዶ

ይህ ነገር የደረሰብኝ አዲሱ የጅቡቲ ባቡር ሥራ ሊጀምር ነው እየተባለ በሚወራበት ዓመት፣ እዚሁ አትላንታ፣ ክላርክስተን የምኖርበት አፓርትመንት ውስጥ ነው። ዓመታት አልፈዋል። ዛሬም ግን እሑድ ጠዋት በር ሲንኳኳ በቀዳዳው ሳላይ አልከፍትም። ለሰው አውርቼው አላውቅም፤ ጽፌው እስኪ ይቅለለኝ ብዬ ነው።

እኔ የድሬ ልጅ ነኝ። የድሬ ሰው ደግሞ እንጀራው ያለው ጅቡቲ ነው። እዚያ የሚሠራ ወንድም፣ ባል ወይ አጎት የሌለው ቤት ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። እኔም ራሴ ዲቪ ደርሶኝ ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት እዚያው ጅቡቲ፣ የከባድ መኪና ሾፌሮች በሚያድሩበት ሰፈር ምግብ ቤት ውስጥ ሠርቻለሁ። አቦ፣ ያ ከተማ ጉድ ነው! ሣር አይበቅልበት፣ ወንዝ የለው፤ ቀትር ላይ ግድግዳው ሳይቀር የሚያልበው ይመስላል። ግን ይበላል። የሚበላው ወደቡን ነው። መርከብ ሲገባ ጫኝና አውራጁ፣ ትራንዚተሩ፣ ሾፌሩ፣ ሻይ የምታፈላዋ፣ በረዶ ሻጩ፣ ብር መንዛሪው፣ የሁሉም ፊት ይፈካል። መርከብ ሲጠፋ እኛም የሠራነውን ወጥ ራሳችን ቁጭ ብለን እንበላው ነበር።

ታናሽ ወንድሜ ብሩክ አሁንም እዚያው ነው። ያኔ በአንድ የግል መጋዘን ጆንያ ይሸከም ነበር። ሥራውን ያስገባው ዮናስ የሚባል የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ዮናስ የጫኞቹ ካቦ ነበር። የዮናስ ሚስት ትዕግሥት ደግሞ እንደ እኔው በዲቪ መጥታ፣ ከእኔ ሕንፃ ፊት ለፊት ትኖር ነበር። ጠዋት ጠዋት በእኔ መኪና እንወጣለን። እሷን ዶራቪል፣ ካሸር የሆነችበት ሱፐርማርኬት በር ላይ አደርሳትና እኔ ፒችትሪ ኮርነርስ ወደምሠራበት የዕቃ መጋዘን እቀጥላለሁ።

ትዕግሥት ዮናስን ያገባችው ከዚህ ተመልሳ ሄዳ ነው። ልጃቸው የተወለደው እዚህ ነው። አባቱ ልጁን በስልክ እንጂ በአካል አላየውም። ወደዚህ የሚመጣበት የቪዛ ፕሮሰስ አልቆ ኤምባሲ ኢንተርቪው ተቀጥሮለት ስለነበር ያን ሰሞን ወሬዋ ሁሉ እሱ ነበር። የት እንደሚሠራ፣ መንጃ ፈቃድ መቼ እንደሚያወጣ፣ ልጁ ሲያየው ያለቅስ ወይ ይስቅ እንደሆነ፤ መኪና ውስጥ ይህንኑ ስታወራ እንደርሳለን። አንዳንዴ ይሰለቸኝና ራዲዮ እከፍታለሁ። እሷ ትዘጋዋለች።

በዚያ ዓመት አገር ቤት ድርቅ ስለነበር የስንዴ መርከብ ጅቡቲ ላይ ተሰልፎ ነበር። ብሩክ ሲደውል ድምፁ ተዘግቶ ነው፤ አቧራው ጉሮሮውን ይዞታል። መርከብ ከገባ ደግሞ ተከታትሎ መጫን ነውና ስልክ አያነሱም። ስለዚህ ቅዳሜ ዕለት የብሩክ ስልክ ዝግ ሲሆንብኝ ብዙም አልደነገጥኩም። ትዕግሥትም ዮናስ አላነሳላትም። ስንዴው ወስዷቸዋል ብዬ ቀለድኩባት። እሷም እዚህ ሲመጣ ጆንያ የሚባል ነገር አላስነካውም፣ ሩዝ እንኳ በትንሿ ከረጢት ነው የምገዛው ብላ ሳቀች።

እሑድ ማለዳ፣ ገና ሳይነጋጋ፣ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ጋሽ ተፈራ ቆመዋል። የእድሩ ሰብሳቢ ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያን በሩቁ ከማየት በቀር ቀርቤአቸው አላውቅም። ከኋላቸው ጥቁር የለበሱ ሰዎች አሉ። ከነሱ መሃል የማውቀው ወይዘሮ አስካለን ብቻ ነው፤ እሳቸውንም ለሰላምታ ያህል። ፓርኪንግ ሎቱን ባሻገር ሳይ መኪኖች ተደርድረዋል። ጋሽ ተፈራ እንግባ ልጄ አሉኝ። ዞር ብዬ አሳለፍኳቸው።

ሳይደውል፣ በጠዋት፣ በቡድን የሚመጣ ሐበሻ ለምን እንደሚመጣ የማያውቅ የለም። እኔም ከሰው ጋር ሆኜ መርዶ ነግሬ አውቃለሁ። ሥርዓቱን አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ሐዘንተኛው ራሱን የሚጎዳበት ነገር ከአጠገቡ ይነሳል። ወይዘሮ አስካለ ምንም ሳይናገሩ የመስታወት ጠረጴዛዬን ገፍተው ጥግ ሲያስይዙት ሁሉ ነገር ገባኝ። አንዲት ሴት ሄዳ የበረንዳውን በር ተደግፋ ቆመች። ሌላዋ አጠገቤ መጥታ ክንዴን ያዘች።

ጋሽ ተፈራ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ልጄ፣ እንግዲህ ጠንከር በይ። ጅቡቲ ያለው ሰውሽ…» አሉ።

አላስጨረስኳቸውም። ብሩክ ብዬ ጮህኩ። የእናቴ ልጅ፣ እናቴን የምትጦርልኝ፣ ለሰው ስንዴ ስትሸከም ወገብህ የጎበጠ ወንድሜ እያልኩ መሬት ላይ ወደቅኩ። ሴቶቹ ይዘውኝ አብረውኝ አለቀሱ። ፊቴን ስቧጭር እጄን ያዙኝ። ለእናቴ ምን ብዬ እነግራታለሁ እላለሁ፣ ደግሞ ብሩክ እላለሁ። እንዲህ ያለ ለቅሶ አልቅሼ አላውቅም። አባቴ ሲሞት እንኳ እንደዚያ አልሆንኩም።

ምን ያህል እንደቆየሁ እንጃ። ቀና ስል ጋሽ ተፈራና ወይዘሮ አስካለ እርስ በርስ ይተያያሉ። ሰውዬው ፊታቸው አመድ መስሏል። አጠገቤ ተንበረከኩና ቀስ ብለው፣ «ልጄ፣ ብሩክ የምትዪው ማን ነው?» አሉኝ።

«ወንድሜ ነዋ!»

«ዮናስስ?»

እጄን ከሴቶቹ አስለቅቄ ተነስቼ ተቀመጥኩ።

በኋላ እንደሰማሁት ነገሩ እንዲህ ነው። ዳላስ የሚኖር የትዕግሥት ዘመድ ከጅቡቲ ተደውሎለት ለጋሽ ተፈራ ይነግራቸዋል። ክላርክስተን፣ እዚህ አፓርትመንት ኮምፕሌክስ ውስጥ ያለችው የድሬ ልጅ፣ ጅቡቲ ወደብ የሚሠራው ዮናስ የሚባል ሰውዋ ሞቶባታልና እባካችሁ አርዱልኝ ይላቸዋል፤ በድንጋጤ ስሟን እንኳ አልነገራቸውም። እሳቸው የሷን ቤት አያውቁትም። ከኮምፕሌክሱ ነዋሪ አንዱን፣ ጅቡቲ ወደብ ቤተሰብ ያላት የድሬ ልጅ የቷ ናት ብለው ቢጠይቁ የእኔን በር አሳያቸው። እሱስ ምን ያድርግ፣ እውነቱን ነው። መርዶ ሆኖ ደግሞ አስቀድሞ ስልክ ደውሎ አንቺ ነሽ ወይ ተብሎ አይጠየቅ ነገር።

ያኔ ግን ይህን ሁሉ መች አሰብኩት። ብሩክ አይደለም ወይ አልኳቸው። አይደለም ልጄ፣ ተሳስተናል አሉኝ። ተመስገን አልኩ። ደጋግሜ ተመስገን አልኩ። ምንጣፉን ሳምኩት፣ የጋሽ ተፈራን ጉልበት ሳምኩ። ከዚያ ሳላስበው እልልታዬን አቀለጥኩት። ልደብቅ አልፈልግም፤ በዚያች ሰዓት ዮናስ የሚባል ሰው ትዝ አላለኝም። ወንድሜ በሕይወት አለ፣ በቃ፣ ሌላ ዓለም አልነበረኝም።

በሩ ሳይዘጋ ቀርቶ ነበር። ትዕግሥት በባዶ እግሯ፣ ፒጃማዋ ላይ ነጠላ ጣል አድርጋ ገባች። ጩኸቴን ሰምታ ልጇን እንደተኛ ትታው ነው የመጣችው። ጎረቤት ሲጮህ ማን ሞተ ብሎ መጠየቅ በኋላ ነው፣ መጀመሪያ ይሮጣል። እሷም ደረቷን እየመታች፣ እህቴን እህቴን እያለች መጥታ አቀፈችኝ። እኔ አፌ አልቆም ብሎኝ፣ ብሩክ አልሞተም፣ ስህተት ነው፣ አልሞተም እላታለሁ።

እሰይ አለች። በነጠላዋ ጫፍ እንባዬን ጠረገችልኝ። እሰይ እህቴ፣ እንኳን ስህተት ሆነ አለችና አንገቴን እንዳቀፈች አብራኝ እልል አለች። ከዚያ ወደ ጋሽ ተፈራ ዞራ እንደ መቆጣት እያደረጋት፣ ጋሼ፣ ሰው እንዲህ ያስደነግጣሉ እንዴ፣ ሊገድሏት ነበር እኮ አለቻቸው።

ጋሽ ተፈራ አንገታቸውን ደፉ። ወይዘሮ አስካለ ቀስ ብለው ከትዕግሥት ኋላ መጥተው ቆሙ። በረንዳው በር ላይ ያለችው ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች። ትዕግሥት አንድ በአንድ አየቻቸው።

«ታዲያ ወደ ማን ነው የመጣችሁት?» አለች።

እጇ እጄ ውስጥ ነበር። ወደ እኔ ዞረች። ፊቴን ልመልስ ፈለግኩና አልቻልኩም።

«አንቺ ታውቂያለሽ አይደል?» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መጻፍ አልፈልግም። ልጁን ከእንቅልፉ ቀስቅሼ ወደ ሌላ ጎረቤት ቤት የወሰድኩት እኔ ነኝ።

ዮናስን የገደለው የስንዴ ጆንያ ክምር ነው። ካቦ ነውና ሠራተኛው ሳይጠጋ ክምሩን ሊያይ ቀድሞ ሲገባ ተደርምሶበት ነው አሉ። ከሥሩ ያወጣው ብሩክ ነው። በሙቀቱ ምክንያት እዚያው በዕለቱ ቀበሩት። ብሩክ ስልኩን የዘጋው ትዕግሥት ደውላ ዮናስስ ብትለው ድምፄ ያጋልጠኛል ብሎ ፈርቶ ነው። ለእኔም ያልነገረኝ ጠዋት መኪና ውስጥ አብረን እንደምንቀመጥ ስለሚያውቅ ነው። እውነቱን ነው፣ አልችለውም ነበር።

ለቅሶው ላይ ጋሽ ተፈራ ይቅርታ ሊጠይቁኝ መጡ። እጄን ይዘው አለቀሱ። እኔን ምን አደረጉኝ፣ ወንድሜ አለልኝ አልኳቸው። ይህን ስል ትዕግሥት ከወዲያ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች።

ብሩክን ያን ሥራ ተው ብዬ ለመንኩት። ትቼስ ምን ልብላ አለኝ። ባቡሩ ሲጀምር ሾፌሩ እንኳ ሥራ ይፈታል እየተባለ ነው፣ መርከብ እስከገባ ድረስ እዚሁ ነኝ አለ። ወር ሳይሞላ በዮናስ ቦታ ካቦ አደረጉት። እዚያ የሞተ ሰው ቦታ ክፍት አያድርም፤ መርከቡ ይጠብቃላ። ይህንንም የነገረኝ ቆይቶ፣ እያፈረ ነው። አሁን ክምሩን ቀድሞ ገብቶ የሚያየው እሱ ነው ማለት ነው።

እኔና ትዕግሥት ዛሬም ጎረቤት ነን። ልጇ አድጓል፣ ትምህርት ቤት የማደርሰው እኔ ነኝ። ያን ጠዋት አንድም ቀን አንስታብኝ አታውቅም። ብታነሳው፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ወንድሜ በመትረፉ መደሰቴ አያሳፍረኝም፤ ሰው ነኝ። ግን ባሏ ሞቶ በገዛ አፏ እልል ያለች ሴት ናት፣ ያስባልኳት እኔ ነኝ። ይህ እንደ እሾህ ተሰክቶብኝ ቀርቷል።

እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሁልጊዜ ብሩክ ደወለ ወይ ትለኛለች። ደውሏል እላታለሁ። ተመስገን ትላለች። እኔ ግን እሷ ፊት ያቺን ቃል ማውጣት አቅቶኝ፣ መሪውን ይዤ መንገድ መንገዱን አያለሁ።