ከአምደወርቅ ተነሥተው ሰቆጣ ያልደረሱት አርባ ስድስት ስሞች

ኮምፒውተር «ሥራው ተጠናቋል» ብሏችሁ፣ አምናችሁት፣ በማግስቱ ግን እንዳልተጠናቀቀ የደረሳችሁበት ጊዜ አለ? እኔ ባለፈው ሳምንት ገጥሞኛል። ያውም ከሥራው መሳካት ይልቅ ሰው ለመብለጥ በሄድኩበት ጉዞ።

ረቡዕ ጠዋት፣ ከሰቆጣ

የአይሲቲ መምህር ነኝ። የሰቆጣ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ለሳምንቱ ከክፍል አስፈቅዶኝ አንድ ሥራ ሰጠኝ። የደሃና ወረዳ ተማሪዎች መረጃ የተከማቸው አምደወርቅ ባለ ኮምፒውተር ላይ ነው። ኔትወርኩ ያን ያህል ስለማይችል እዚያ ሄጄ፣ በሃርድ ዲስክ ይዤ ተመልሼ፣ ሰቆጣ ባለው ዋና ኮምፒውተር ላይ መጫን አለብኝ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች ዝርዝር ከዚያ ወጥቶ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ይላካል። ስሙ ዝርዝሩ ላይ የሌለ ተማሪ ዘንድሮ አይፈተንም።

አምደወርቅ መረጃውን የምትይዘው መምህርት ሰናይት ናት። ኮሌጅ አብረን ተምረናል፤ ውጤቴም ከእሷ አያንስም ነበር። ባለፈው ወር ግን የሌሎቻችን አሠልጣኝ እንድትሆን የተመረጠችው እሷ ናት። አለቃዬ አቶ ካሳ አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር «የሰናይትን አሠራር እዩ» ይላሉ። ስለዚህ ከእሷ በሦስት እጥፍ የሚፈጥን የመጫኛ ፕሮግራም ጽፌ ነበር የተነሣሁት።

ሚኒባሱ ሞልቶ የወጣው አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። መንገዱ ገደል ለገደል ይጠማዘዛል፤ ከታች የታጨደ የማሽላ ማሳ፣ ከላይ ራቁቱን የቀረ ድንጋይ። አጠገቤ የተቀመጡት ጋሽ ሰይድ ለአምደወርቅ ገበያ ጨርቅ የጫኑ የሰቆጣ ነጋዴ ናቸው።

«መምህር፣ ለቅሶ ልትደርስ ነው?»

«አይ፣ ለሥራ ነው።»

«እንግዲያስ ፊትህን ፍታው። እኔ አንድ ጣቃ ሳልሸጥ ውዬ እንኳ እንዲህ አላኮርፍም።»

ሰው ሲጠይቀኝ ማብራራት እወዳለሁና ስለ ሰናይት ነገርኳቸው። ከፊት የተቀመጡት እስኪዞሩ ድረስ ሳቁ። «አሃ! ሕመሙስ ቅናት ነው። የሱን መድኃኒት አልሸጥም፤ ሻሽ ግን አለኝ፤ ግዛላት!»

ረቡዕ ረፋድ፣ አምደወርቅ

የሰናይት ክፍል ውስጥ መጀመሪያ ያየሁት ኬብሎቹን ነው። በእያንዳንዱ ላይ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ በፕላስተር ጽፋ ለጥፋለች። ይህን እኔ ለምን አላሰብኩትም?

አሠራሩን ላስረዳ። ብዙ መረጃ በአንድ መስመር ሲወጣ ይዘገያል፤ ስለዚህ የእሷም የእኔም ፕሮግራም ሥራውን ለአራት ከፍሎ በአንድ ጊዜ ያሠራል። እነዚህን አራት ክፍሎች «ሠራተኞች» እንላቸዋለን። ሎግ የሚባለው ደግሞ የሥራቸው መዝገብ ነው። ሰናይት መረጃውን ወደ ሃርድ ዲስኩ ስትገለብጥ ያየሁት ሎግ ዝርዝር ነው፤ እያንዳንዱ ሠራተኛ በስንት ሰዓት ምን እንደጀመረ፣ ስንት እንዳነበበ፣ ስንት እንደጻፈ፣ ምን እንደከለከለው ሁሉ ይጽፋል።

«ይኼ ሁሉ ጽሑፍ ለማን ነው? ዳዊት እየደገምሽ ነው እንዴ?» አልኳት።

«ለአንተ ነዋ! ነገ ሰቆጣ ላይ ዓይንህ ሲፈጥ ታመሰግነኛለህ።»

«የእኔ ፕሮግራም ሩብ ሰዓት አይፈጅበትም።»

«የሮጠ ሁሉ ደረሰ? ስትጭን ዝርዝር ሎጉን ክፈተው። ቃል ግባልኝ።»

«እሺ» አልኩ። ዋሸኋት። ሎግ መጻፍ ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል፤ እኔ ደግሞ ያን ደቂቃ ላበድራት አልፈለግኩም።

ምሳ የማሽላ እንጀራ በሽሮ በላን። ሳላያት ከፍላ ቀደመችኝ፤ በዚያም ቀናሁ።

ስንመለስ በር ላይ አንዲት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ቆማ ጠበቀችን፤ ለምለም ትባላለች። ዘንድሮ ከተከፈተ ሩቅ ትምህርት ቤት ነው የመጣችው፤ ከማክሰኞ ጀምራ በእግሯ ስትጓዝ ነበር። «መምህር፣ ስሜ መግባቱን ያዩልኛል? አባቴ ‹በዓይንሽ ሳታዪ አትመለሺ› ብሎኛል።» ሰናይት ስሟን ከነፎቶዋ አሳየቻት። እኔም ሰቆጣ እንደደረስኩ ማረጋገጫውን አትሜ እንደምልክላት ነገርኳት።

ሐሙስ፣ መልስ

አምደወርቅ አድሬ በጠዋቱ መኪና ተመለስኩ። ሃርድ ዲስኩን በፎጣ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ ይዤዋለሁ። መንገድ ዳር ነጭ ማር ያቀረቡ ሴቶች ሲያስቆሙን ሌሎቹ ወርደው ገዙ፤ እኔ አልወረድኩም።

ቢሮ ገብቼ ሎጉን ዘጋሁና አራቱን ሠራተኞች ለቀቅኳቸው። በአሥራ አራት ደቂቃ «ተጠናቋል» አለ። አቶ ካሳ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «ጎበዝ! ሰናይትን በለጥካት በለኛ!» ከዚያ ወዲያ ምን እሻለሁ?

ዓርብ ጠዋት

ለለምለም ማረጋገጫ ላትም ስሟን ፈለግኩ። የለም። ትምህርት ቤቷን ፈለግኩ፤ ስሙ አለ፣ አንድም ተማሪ ግን የለውም። ደግሜ ፈለግኩ፤ ያው ነው።

«ምነው?» አሉ አቶ ካሳ። ነገርኳቸው። «ከአምደወርቅ ሳይወጣ ቀርቶ ይሆን?»

«ሳይሆን አይቀርም» አልኩ። አፌ ቀደመኝ ማለት አልችልም፤ ልቤም እንዲሆን ይፈልግ ነበር።

አቶ ካሳ ወዲያው ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገው ደወሉላት። «ሰናይት፣ የአዲሱ ትምህርት ቤት ልጆች ካንቺ ዘንድ ቀርተዋል እየተባለ ነው።»

«ይቆዩ፣ ላንብብልዎት።» ሎጓን ከኮምፒውተሯ ላይ አነበበችልን። «ሠራተኛ ሦስት፣ አምስት ሰዓት ከሃያ ሁለት። አዲሱ ትምህርት ቤት። የተነበበ አርባ ስድስት፣ የተጻፈ አርባ ስድስት፣ ስህተት የለም። የእሱስ ሎግ ምን ይላል?»

እኔ ወደ ስልኩ ተጠጋሁ።

«ዘግቼው ነበር።»

«ለምን?»

«አንቺን ለመቅደም።»

«ቀደምከኝ እኮ» አለች፤ «አርባ ስድስት ልጅ ጥለህ።»

አቶ ካሳ አልተቆጡም፤ ሰዓታቸውን ብቻ አዩ። የጫንኩትን ሁሉ አጥፍቼ፣ ዝርዝር ሎጉን ከፍቼ እንደገና ጀመርኩ። ጥፋቱ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ታየ። ሠራተኛ አንድ የትምህርት ቤቶችን ስም ያስገባል፤ ሠራተኛ ሦስት ተማሪዎችን። አዲሱ ትምህርት ቤት ከዝርዝሩ መጨረሻ ስለሆነ፣ ስሙ ሳይገባ ሠራተኛ ሦስት ተማሪዎቹን ይዞ ደረሰ። ዋናው ኮምፒውተር «እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት አላውቅም» ብሎ አርባ ስድስቱንም መለሳቸው። የእኔ ፕሮግራም ደግሞ የተመለሱትን ጥሎ ቀጠለ፤ ለማንም አልተናገረም። ሠራተኛ ሦስት ሠራተኛ አንድን እንዲጠብቅ አድርጌ ለሦስተኛ ጊዜ ጫንኩ። ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ። ከሰናይት ጋር በስልክ መስመር በመስመር አመሳከርን፤ አርባ ስድስቱም ገቡ። ዝርዝሩ አሥር ሰዓት ላይ ተላከ፤ የለምለምም ማረጋገጫ ታተመ።

ወደ ቤት

ወደ ተከራየሁት ቤት በእግሬ ተመለስኩ። ቅናቴ ለቀቀኝ ብል ውሸት ነው፤ ዛሬም እቀናባታለሁ። አሁን የምቀናው ግን በሹመቷ አይደለም፤ ሲወቅሷት አውጥታ የምታነበው ነገር ስላላት ነው። እኔ በዚያች ሰዓት ፍጥነት ብቻ ነበረኝ።

እናንተም ሞክሩት። የመረጃችሁን ቅጂ ውሰዱ፤ ጓደኛችሁ ሳይነግራችሁ ከትምህርት ቤቶቹ ዝርዝር አንዱን ይሰርዝ። ከዚያ በአራት ሠራተኛ ጫኑት፤ አንዴ ሎጉን ዘግታችሁ፣ አንዴ በዝርዝር ከፍታችሁ። ጓደኛችሁ «የቀሩት እነማን ናቸው?» ብሎ ሲጠይቃችሁ ለመመለስ የፈጀባችሁን ጊዜ በየተራ ጻፉ። ከዚያ ሎጉን በመዝጋት ካተረፋችኋቸው ደቂቃዎች አጠገብ አስቀምጡና ራሳችሁ ፍረዱ።