ለካምፑ የታሰረ እንጨት

ለልጆች ካምፕ እንጨት ልፍለጥ ብዬ የተነሳሁት ልጄን ለማየት ነው። የእግዚአብሔርን ቤት ሥራ እወዳለሁ፤ በዚያን ጊዜ ያስነሳኝ ግን ይህ ነው። እሱም ያውቀዋል።

የባሌ እህት ጊምቢ ትኖር ነበር። ልጅ አልወለደችም። ባሏ በሞተ በዓመቱ ነቀምቴ መጥታ በሽማግሌዎች ፊት ቁጭ አለችና ከልጆቻችን አንዷን ለመነች። በእኛ ዘንድ የአባት እህት አዳዳ ትባላለች፤ አዳዳ ልጅ ስትለምን እምቢ አይባልም። ባሌ እሺ አለ። እኔም በአፌ እሺ አልኩ። ትልቋ ልጄ ሄደች። ያኔ የወተት ጥርሷ መውለቅ ጀምሮ ነበር።

አዳዳዋ ስንለያይ አንድ ነገር ለመነችኝ።

«እስክትለምደኝ ድረስ አትምጪብኝ። ካየችሽ ልቧ ሁለት ቦታ ይሆናል።»

እውነቷን ነበር። አልሄድኩም። አንድ ክረምት አልፎ ሁለተኛው ሊመጣ ነው። ከጊምቢ የሚመጡ ነጋዴዎች ሰላምታ ያደርሱኛል፤ ደህና ናት፣ ትማራለች፣ አድጋለች ይሉኛል። ምን ያህል እንዳደገች ስጠይቃቸው እጃቸውን ከመሬት ከፍ አድርገው ያሳዩኛል። የአንዱ እጅ ከሌላው አይገጥምም ነበር። ማታ ልጆቼን ሳስተኛ እኔም በእጄ እለካ ነበር።

በየካቲት አንድ እሑድ፣ ከስብከቱ በኋላ፣ አንድ ሽማግሌ ቆመው ተናገሩ። ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ የወለጋ ከተሞች ልጆች እኛ ግቢ ይሰበሰባሉ፤ ከነጆ፣ ከመንዲ፣ ከጊምቢ። መዝሙርና ቃለ እግዚአብሔር ይማራሉ። ወላጅ ግን ግቢ አይገባም፤ ልጆቹ ያለቅሳሉ።

«ለወጥ ቤቱ ሴቶች ሞልተዋል» አሉ ሽማግሌው። «እንጨት የሚቆርጥና የሚፈልጥ ነው ያጣነው።»

ጊምቢ ሲሉ ልቤ ቆሞ ነበር። እኔም ቆምኩ። ከኋላ ሰው ሳቀ። ባሌ ከወንዶቹ በኩል ዞር ብሎ አየኝ።

ያኔ በልቤ አንድ ጥያቄ ያዝኩ። ልጄን ሳገኛት «ቤት ልመልስሽ ወይ?» እላታለሁ። አዎ ካለችኝ ሽማግሌዎቹ ፊት ሄጄ መልሱልኝ እላለሁ፤ ሰው ያለውን ይበል። ይህን ለባሌም አልነገርኩትም።

እንጨቱን የቆረጥነው በደቦ ነው፤ ጉቶ ጊዳ በሚባለው አገር፣ ከምእመናኑ የአንዱ ባሕር ዛፍ ነበር። ወንዶቹ ይጥላሉ፣ ሴቶቹ ቅርንጫፉን ይመለምላሉ። ለደቦው የሚሆን ቆሎና የማር ብርዝ ይዘን ነበር። ወደ ጌታ ዘግይተው የመጡ አንድ አባት ነበሩ፤ ፈርሶን፣ የአገራችንን ጠላ፣ ገና አልረሱትም። የብርዙን ዋንጫ አዙረው አዩት።

«ደቦ ያለ ፈርሶ፣ ሠርግ ያለ ሙሽራ ነው» አሉ። «ይህ የሕፃን መጠጥ ነው።»

«የምንቆርጠውስ ለማን ነው፣ አባ?» አልኳቸው።

ሳቁና ጠጡት። ሁለተኛም አስቀዱ።

መጥረቢያ ሳነሳ ደግሞ አንድ ጎረምሳ መጣብኝ፤ ለአክብሮት አዴ ይለኛል። «ተይው አዴ፣ እግርሽን ትቆርጪና ባልሽ ይከሰናል።»

«ባሌ ዝም ነው የሚለው» አልኩት።

ባሌ ከወዲያ ግንድ ይጎትት ነበር። ሰማና ዝም አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ በመጨረሻ እሱም ሳቀ።

መፍለጥ ያስተማረኝ አባቴ ነው፤ ወንድ ልጅ አልነበረውም። ባሕር ዛፍ እርጥቡን ነው የሚፈለጠው። ከደረቀ በኋላ እንደ ግትር ሰው ነው፤ ሽብልቅ ቢመቱበት ይተፋል። መሐሉን አይመቱትም፤ ስንጥቁን አይቶ ከዳር ነው። ከደቦው በኋላ ግንዱ በአህያና በሰው ጫንቃ ወደ ግቢው መጣ፤ እኔም እስከ ግንቦት ድረስ ከቤት ሥራ በተረፈኝ ጊዜ እየሄድኩ ፈለጥኩት። ከወጥ ቤቱ ጀርባ የቆርቆሮ ጥላ ነበር፤ እዚያ ውስጥ ደርድሬ አደረቅሁት።

ሲደርቅ አሰርኩት፤ እያንዳንዱን እስር ልጅ በሚችለው ልክ። ገመዱ የእንሰት ቃጫ ነው። አስተሳሰሩም የአባቴ ነው፤ ሁለት ጊዜ ይዞርና ጫፉ ተመልሶ ከሥር ይገባል። ዝናብ ቢመታው አይጠብቅም፤ ጫፉን አንዴ ሲስቡት ይለቃል። በሰፈራችን እንዲህ የሚያስር ሌላ ሰው አላየሁም። ልጄ ገና ሳትሄድ አብራኝ ወንዝ ዳር ጭራሮ ትለቅም ነበር፤ የራሷ ትንሽ ሸክም ነበራት። ለእሷም እንዲህ ማሰር አሳይቻት ነበር። ታስታውሰው አታስታውሰው አላውቅም።

የወጥ ቤቱ ኃላፊ አንዲት አሮጊት መበለት ነበሩ። ሐምሌ ሲገባ፣ ልጆቹ ሊመጡ ሲሉ፣ ነገሬን ለእሳቸው ነገርኳቸው። ከደበቅሁት ያስወጡኛል ብዬ ፈራሁ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «እናቱን ያየ ልጅ፣ እናቱን ያላየውን ያስለቅሳል። እንጨትሽን ፍለጪ። ካምፑ ሳያልቅ ግን አታናግሪያትም።»

«አላናግራትም።»

«ብሳና ደግሞ እንዳታስገቢብኝ። ጭሱ ዓይን ያቃጥላል። እነዚህ ልጆች ማልቀሻ አላጡም።»

የጊምቢ ልጆች ከሁሉም ኋላ መጡ። ከዴዴሳ ድልድይ ወዲህ መኪናው ጭቃ ይዞት ነበር። እኔ ከእንጨቱ ድርድር ጀርባ ቆሜ ነበር። ከጭነት መኪናው ላይ አንድ በአንድ ሲወርዱ አየሁ። እሷን ወዲያው አላወቅኋትም። አዲስ የሸራ ጫማ አድርጋለች። ፀጉሯ እኔ በማልሠራው ሹሩባ ተሠርቷል፣ በደንብ ተሠርቷል። ስትስቅ ነው ያወቅኋት፤ የጎደሉት ጥርሶች በቅለዋል። ከነጋዴዎቹ አንዱም ልክ አልነበረም፤ ሁሉም ካሳዩኝ በላይ አድጋለች።

መጥረቢያዬን አነሳሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

የጃንሆይ ሥዕል ከተሰቀለበት አዳራሽ ጠዋት ጠዋት መዝሙር ይሰማል። የእሷን ድምፅ ከሌሎቹ መሐል እፈልጋለሁ። አንዳንዴ ያገኘሁት ይመስለኛል፤ ከዚያ የቆርቆሮው ዝናብ ይወስደዋል። እሷ ከምትበላው እንጀራ በታች የኔ እንጨት ይነዳል ብዬ እጽናናለሁ።

እንጨት ከጥላው ወደ ወጥ ቤት የሚያመላልሱት ልጆቹ ናቸው፤ በየቡድናቸው ተራ አላቸው። የጊምቢዎቹ ተራ የደረሰ ጠዋት አንዷን እስር ከሌሎቹ አሳንሼ፣ ቀለል አድርጌ አሰርኩና ፊት አስቀመጥኳት። እኔ ከድርድሩ ጀርባ ገባሁ፤ በእንጨቶቹ መሐል ይታየኛል።

እሷ ቀድማ ገባች። ትንሿን እስር ልታነሳ ጎንበስ አለችና ቆመች። ጣቷን ቋጠሮው ላይ አደረገች። ጫፉን ተከትላ እስከ ሥሩ ሄደች።

«ምን ሆንሽ? ተነሽ እንጂ፣ ይዘንባል» አላት ከኋላዋ ያለ ልጅ።

ቀና ብላ ዙሪያዋን አየች። እኔ የወጥ ቤቱን ግንብ ተደግፌያለሁ። ቃል ገብቻለሁ፤ ቃል የገባሁላቸው አሮጊት እዚያ ባይኖሩም እግዚአብሔር ነበር። አልወጣሁም።

ከዚያ ያልጠበቅሁትን አደረገች። ከበስተኋላ አንዲት ድንቡሽቡሽ ሕፃን ነበረች፤ ከመጣች ጀምሮ እናቴን እያለች የምታለቅስ። ልጄ ቀላሏን እስር አንስታ ለእሷ አሸከመቻት። ለራሷ ትልቁን ወሰደች። ዝናቡ ውስጥ ሕፃኗን ከፊት ከፊቷ እየነዳች ሄደች።

እኔ ለእሷ ያቀለልኩት ነበር። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ምስጋናም ነበረበት። እንዲህ አድርጋ ያሳደገቻት ሴት ጊምቢ ናት።

በማግሥቱ ጠዋት ስመጣ፣ ባዶዎቹ ገመዶች እንደወትሮው ጥላው ሥር ተደበላልቀው ተጥለው ነበር። አንዱ ብቻ ለብቻው በምሰሶው ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ምንም ሳያስር፣ ሁለት ጊዜ ዞሮ፣ ጫፉ ከሥር ገብቶ ታስሯል። ፈታሁትና መልሼ አሰርኩት፤ እዚያው ሰቀልኩት። በሚቀጥለው ተራቸው ተፈትቶ እንደገና ታስሮ አገኘሁት። በዚህ ዓይነት ሰነበትን። አንድ ቃል አልተነጋገርንም።

በመዝጊያው ቀን ወላጆች ከሰዓት በኋላ ይመጣሉ ተባለ። የጊምቢው ሾፌር ግን ሰማዩን አይቶ አሁኑኑ እንሂድ አለ፤ መንገዱን ፈርቷል። ልጆቹ እየተጫኑ ነው። አሮጊቷ እጃቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ ወደ ጥላው መጡ።

«ካምፑ አለቀ» አሉኝ። «ምን ትጠብቂያለሽ? ሂጂ።»

መጥረቢያውን መጣሌን አላስታውስም። እሷ አንድ እግሯን መኪናው ላይ አድርጋ ነበር። አየችኝና ወረደች። ያቺ ሕፃን ቀሚሷን ይዛለች። ልጄ እጄን ይዛ መዳፌን ገለበጠችው።

«አዮ» አለችኝ፣ እናቴ ማለቷ ነው፣ «እጅሽ እንደ አባባ እጅ ሆነ።»

«አውቀሽኝ ነበር?»

«በገመዱ። ዝም ያልኩት እሷ እንዳታለቅስ ነው» አለችና ወደ ሕፃኗ በአገጯ አሳየችኝ።

ጥያቄዬ አፌ ላይ ነበር። እሱን ልጠይቅ ስል «አዳዳሽስ?» ወጣኝ።

«ደህና ናት። ጭራሮ ሰብስቤላት ነው የመጣሁት። እርጥብ እንጨት ማቀጣጠል አትችልበትም።» ትንሽ አሰበች። «ብቻዋን ስትሆን ታለቅሳለች። ለምን ስላት ጭሱ ነው ትለኛለች። ጭስ ሳይኖርም ታለቅሳለች፣ አዮ።»

ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ጥያቄዬን ዋጥኩት። ወገቤ ላይ ከታጠቅሁት አንዱን ቃጫ ፈትቼ ሰጠኋት።

«ውሰጂላት። ማሰሩን አንቺ አሳዪያት» አልኩ።

ሳምኳት። መኪናው ላይ ወጣች። መኪናው የግቢውን በር ሲያልፍ ሕፃኗን እቅፏ ውስጥ አስቀምጣ ነበር፤ በአንድ እጇ ነው ያውለበለበችልኝ። ወደ ጥላው ተመልሼ የቀረውን እንጨት አሰርኩ። ባሌ ከሰዓት በኋላ ከወላጆቹ ጋር መጣና «አየሻት?» አለኝ። «አየኋት» አልኩት። መጥረቢያውን ከጣልኩበት አንስቶ እስከ ማታ ፈለጠ።

ከዚያ በኋላ ስንት ክረምት እንጨት ፈልጫለሁ። ልጄ ጊምቢ አደገች፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ መጥታ ታየኛለች፣ ሄጄም አያታለሁ። ቢሆንም ሐምሌ ሲገባ፣ ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ ሲጀምር፣ ዓይኔ እስከ ዛሬ ወደ ጊምቢ መንገድ ይሄዳል።

የዚያ የመጀመሪያው ካምፕ ክረምት ወጥቶ መስቀል ካለፈ በኋላ አንድ ነጋዴ ከጊምቢ ማር አመጣልኝ፤ ከባልሽ እህት ነው አለኝ። በቅል ነበር። የቅሉ አፍ በኮባ ተሸፍኖ በዚያ በሰጠኋት ቃጫ ታስሯል። ሁለት ጊዜ ዞሯል፤ ጫፉ ከሥር ገብቷል። ግን የልጄ እጅ አልነበረም። ያለመጠን ጠብቋል፤ አዲስ የተማረ ሰው እንደሚያስረው ነው።

ጫፉን ስስበው አልለቀቀኝም። ደጃፌ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ቃጫው እንዳይበጠስ፣ ቀስ እያልኩ ፈታሁት።