እጣቢ የጠጣ ጉድጓድ

የጋን እጣቢ ሽታ ከሌላው ሽታ ሁሉ ይለይብኛል። ግማሹ ጌሾ፣ ግማሹ ግራዋ ነው። ዛሬም በጠላ ቤት ደጅ ሳልፍ ሽው ካለኝ፣ ልጅነቴ ጎባ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። እናቴ ሞታ አባቴ ለማርና ለቡና ንግድ ደሎ መና ሲወርድ፣ ጎባ ጠላ ከምትሸጥ እህቱ ዘንድ ተወኝ። መምጣቱስ ይመጣል፤ እንደ ጎባ ፀሐይ አልፎ አልፎ ነው እንጂ። አክስቴ በላይነሽ የሚጣል ነገር አታውቅም። አተላው ለባለላሞች ይሄዳል፤ የድንች ልጣጩ፣ የጎመን ግንዱ፣ ከጠጪ የተረፈው ንፍሮ ጓሮ ካለው ጉድጓድ ይገባል። የጎባ ብርድ ግን ልጣጩን እንዳለ ያከርመዋል። ስለዚህ ጋን በታጠበ ቁጥር እጣቢውን ተሸክሜ እላዩ ላይ አፈስሳለሁ። «ጠላ ያፈላ እርሾ ልጣጭ ማፍላት ያቅተዋል?» ትላለች አክስቴ። አላቃተውም። ጉድጓዱ ይሞቅና ማለዳ ማለዳ፣ ሣሩ አመዳይ ለብሶ ሳለ፣ ነጭ እንፋሎት ይተፋል።

ጣጣው የመጣው ከዚያ ነው። እጣቢ በሚደፋበት ቦታ ጋኔን እንደሚሰፍር በሰፈሩ ያልሰማ የለም፤ የእኛው ደግሞ ሲተነፍስ በዓይን ታየ። እናቶች ልጆቻቸውን ከግቢያችን ከለከሉ። ገመድ ሲዘሉ እኔ በአጥር ቀዳዳ እቆጥርላቸዋለሁ፤ የጠየቀኝ ግን አልነበረም። አክስቴ ከቁም ነገርም አልጣፈችው። «ጋኔን ጠላ እያለለት እጣቢ ይጠጣል?» ብላ ሳቀች። ለእሷ ቀላል ነው፤ እሷ ጠጪዎች አሏት። እኔ ጉድጓዱ ዳር ሆኜ እጄን አሞቃለሁ።

ክረምቱ ሲወጣ ከጉድጓዱ በወጣው አፈር የበቀለው ጎመን ቅጠሉ ጃንጥላ አከለ። እናቶቹም ለጎመኑ መጡ። ጋኔን አሳደገው ያለ የለም፤ ልጆቻቸውን ግን ደጅ አቁመው ነው የገቡት።

አንድ ማለዳ የባለሱቁ ልጅ ዘሀራ፣ እናቷ ታማ፣ ብቻዋን ተልካ መጣች። በሩ ላይ ቆመች።

«ጎመኑን ወዲህ አምጪልኝ። እኔ አልገባም።»

«አልበረደሽም? እዚህ ይሞቃል» አልኳት።

«ሸይጣኑስ?»

«እሱ ማለዳ አይነሳም።»

ስቃ፣ ቢስሚላሂ ብላ ገባች። ከጉድጓዱ ማዶ ቆማ እጇን ዘረጋች፤ እኔም ከወዲህ ዘረጋሁ። እንፋሎቱ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን ይሸፍናል። ከዚያ ጎመኗን ታቅፋ ሄደች። ሽታው በሻሿ ገብቶ ቤት ሳያሳብቅባት አልቀረም፤ ከዚያ ወዲህ የሚላከው ወንድሟ ሆነ። እሱም ከደጅ አላለፈም።

ዛሬ ሮቤ ላይ ሱቅም ግቢም አለኝ። ሥልጠና ወስደው የመጡ ልጆች፣ እጣቢ ሲጨመርበት ኮምፖስት ቶሎ ይደርሳል ብለው ሊያስተምሩኝ ይመጣሉ። አዳምጣቸውና ከራሴ ጉድጓድ አንድ ሁለት ጆንያ ሸጬላቸው እሸኛቸዋለሁ። ከግቢዬ የሚከለከል ሰው የለም። የሚመጣው ሁሉ ግን ዋጋ ጠይቆ፣ ተከራክሮ፣ ገዝቶ ይወጣል። ማለዳ ጉድጓዴ ሲተነፍስ ጋቢዬን ደርቤ እወጣለሁ፤ እጄን ዘርግቼ እቆማለሁ። ማዶውን ክፍት ትቼ፣ የምቆመው ሁልጊዜ በወዲህኛው ወገን ነው።