ልቤን ሲያመኝ

እኛ ሰፈር ልቤን አመመኝ ያለ ሰው ሁሉ የሚታከመው ጨጓራውን ነበር። ሲርበን ልባችን፣ ሲያቅረን ልባችን፣ ቅባት ሲበዛብን ልባችን። እውነተኛው ልብ ሲታመም ምን እንደምንል ያሰበበት ሰው አልነበረም። በዚህች ቃል ምክንያት ልሞት ነበር ብል አላጋነንኩም።

የምንኖረው ቦሌ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም ሳንርቅ ነበር። ጊዜው የደርግ ነው፤ እኔ ተማሪ ነኝ። አንድ ክረምት ጉሮሮዬን ክፉኛ አመመኝና ለቀቀኝ። ቆይቶ ጉልበቴ አበጠ፤ ወድቃ ይሆናል ተባለ። ከዚያ ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኝ ጀመር። እናቴ ክሊኒክ ወስዳኝ “ልቧን ትላለች” አለቻቸው። የሚታኘክ የጨጓራ ክኒን ሰጡኝ። ሳይሻለኝ ሲቀር ሌላ ጨመሩልኝ። ጠመኔ ጠመኔ የሚል ነገር ነበር፤ ዛሬም ጣዕሙ ትዝ ሲለኝ እናደዳለሁ።

በዚያው ዓመት የልብ በሽታ የሚያጠና ሐኪም ትምህርት ቤታችን መጣ። የጉሮሮ ሕመም የልጆችን ልብ እንዴት እንደሚጎዳና እንዴት ማስቆም እንደሚቻል ነበር የሚያጠናው። ተሰለፍን። እሱ ፊት “ልቤን” ማለት ክልክል ነው።

“በአፍሽ አትንገሪኝ፤ በእጅሽ አሳዪኝ” አለኝ።

እጄን ደረቴ ላይ አደረግኩ። ማዳመጫውን ሲያስጠጋ አውሮፕላን መጣ። ከጆሮው አወጣና ጣሪያውን ገልመጥ አድርጎ “ይለፍ” አለ። ካለፈ በኋላ አዳመጠ፤ ደግሞ አዳመጠ። ያን ቀን ቸኩሎ ቢሆን ኖሮ ይህን የምጽፍ አይመስለኝም።

እናቴን አስጠራት። “ልቧ ድምፅ አለው” ሲላት፣ “የማን ልብ ድምፅ የለውም ዶክተር?” ብላ ልትቆጣው ምንም አልቀራት። አስቀምጦ አስረዳት፦ የልቤ በር ተጎድቶ በደንብ አይገጥምም፤ የሚሰማው ወደ ኋላ የሚመለሰው ደም ነው። ጉሮሮዬ እንደገና ከታመመ ይብስበታል። በየወሩ ፔኒሲሊን ብወጋ ግን ሊሻለኝ ይችላል።

“ይችላል ነው ወይስ ይሻላታል?”

“እሱን ነው የምናጠናው፣ እናቴ” አላት። ስላልዋሻት ወደደችው።

መርፌው ወፍራም ነበር፤ ጩኸቴ ለጎረቤት ይተርፍ ነበር። እናቴ ግን አንድም ወር አላሳለፈችም። ያኔ ከቀበሌ ስብሰባ መቅረት ቀልድ አይደለም። የመርፌዬ ቀን ከስብሰባው ጋር ሲገጥምባት ሊቀመንበሩን ፊት ለፊት “የልጄ ልብ ይቀድማል፤ ልቧን ያማታል” አለችው።

“ቃር ነው?” ብሎ ጠየቃት።

ዓመታት አለፉ። ትምህርት ልጨርስ ስል ሐኪሙ እንደገና ሊያዳምጠኝ ማዳመጫውን ሲያነሳ አውሮፕላን መጣ። እናቴ ቀደመችውና እጇን አንስታ “ይለፍ!” አለች። አለፈ። ዛሬ ምን ሊለን ነው እያልኩ ፊት ፊቱን አየሁት።

“ድምፁ በጣም ቀንሷል” አለ።

“ዝም አለ ማለት ነው?”

“ዝም እንዲልማ አንፈልግም፣ እናቴ!”

እናቴ መሳቅ ጀምራ አለቀሰች። እሷም ሐኪሙም ዛሬ በሕይወት የሉም። እኔ ግን አለሁ፤ ልጆችም ወልጃለሁ። አውሮፕላን ሲመጣ ወሬዬን ስለማቋርጥ ይስቁብኛል። እስኪያልፍ እጠብቅና እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ እግዜር ይስጥልኝ እላለሁ።