ከታች ማን አለ?

የአክስቴ አርባ ትናንት ወጣ። ላሊበላ ውስጥ ለአንድ ሆቴል አንሶላ የሚያጥቡት በእንዶድ ነበር። እጣቢውን ከመድፋታቸው በፊት ወደ ቁልቁለቱ ጎንበስ ብለው፣ «ከታች ማን አለ?» ይላሉ። አሮጊቷ ጎረቤታችን ከታች፣ ከጌሾ ተክላቸው መሃል፣ «እኔ አለሁ፤ ድፊው! ከዝናቡ አንቺ ትሻያለሽ» ይሏቸዋል።

አንድ ጊዜ የሆቴሉ ኃላፊ አንሶላው አልነጣም ብሎ በረኪና ላከ። ዘግይቼም ቢሆን ተምሬአለሁና የጠርሙሱን ጽሑፍ አንድም ሳላስቀር አነበብኩላቸው፤ እጽዋት ላይ እንዳይደፋ ይላል። «ልጄ፣ ይህን ይዤ ምን ብዬ እጣራለሁ?» አሉና መለሱት። ኃላፊውም እሳቸውን ደፍሮ አልተናገራቸውም።

ሥራውን የተረከብኩትን እኔን ግን ደፍሮ ተናገረኝ። ዛሬ ጠዋት መጥቶ፣ «እህቴ፣ በበረኪና ካላጠብሽ ሌላ ሰው አለን» አለኝ። ከዚህ ሌላ እንጀራ የለኝም። አጠብኩበት፤ አንሶላውም ነጣ። ሳፋውን ተሸክሜ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ቆምኩ። ጎረቤታችን ግን ሳልጣራ ኮቴዬን ሰምተው፣ «እኔ አለሁ፤ ድፊው!» አሉ።

ሳፋውን ይዤ ተመለስኩ። ሳፋው አክስቴ ይቀመጡበት ከነበረው ድንጋይ አጠገብ እስካሁን እንደሞላ ነው። የምደፋበት ቦታ የለኝም።